ፍርዱ ስቴት ይሻገራል፤ አስፈጻሚውስ?

በአሜሪካ ከፍቺ በኋላ አንድ ወላጅ ልጁን በየትኛው ቅዳሜ፣ በየትኛው በዓልና ለስንት የሰመር ሳምንት እንደሚያገኝ የሚደነግግ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በእጁ ይዞ፣ ልጁ ግን በሌላ ስቴት ከሌላኛው ወላጅ ጋር ተቀምጦ፣ ትዕዛዙ ወራት ሙሉ ሳይፈጸም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የሚጥለው በስቴት ወሰን ላይ ነው፤ የሜሪላንድ ፍርድ ቴክሳስ ላይ ዋጋ የለውም ይላል። አባባሉ ስሕተት ነው። የሜሪላንድ ፍርድ ቴክሳስ ላይ ዋጋ አለው፤ የቴክሳስ ዳኛም በአብዛኛው ሊለውጠው ቀርቶ ፍሬ ነገሩን እንደገና ሊመረምር እንኳ አይችልም። አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፈጀ የሕግ ሥራ የማን ትዕዛዝ ይጸናል የሚለውን ጥያቄ በሚገባ መልሳለች። ማን ያስፈጽመዋል የሚለውን ግን ትዕዛዙ ለተጣሰበት ወላጅ ኪስና ትዕግሥት ትታዋለች። ቀለብ የሚያስከፍል በመንግሥት ገንዘብ የቆመ ግዙፍ ተቋም ሲኖር፣ የጉብኝት ቀንን የሚያስፈጽም አቻ ተቋም የለም። ይህ ዳሰሳ ሕጉ ከየት እንደመጣ፣ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰናከል ተመልክቶ፣ መፍትሔው የሚገኘው ከከባድ ቅጣት ይልቅ በዝርዝር ትዕዛዝና በፈጣን ማካካሻ መሆኑን ይሞግታል።

ያለፈው ካልታየ የዛሬው ሥርዓት ጥቅሙም ጉድለቱም በቅጡ አይለካም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተገለጸ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚሰጥ ውሳኔ በማንኛውም ጊዜ ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ፣ አንዱ ስቴት የሌላውን ውሳኔ እንደ መጨረሻ ፍርድ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት አይኑርበት ጥርት ያለ መልስ አልነበረውም። በአንዱ ስቴት የተረታ ወላጅ ልጁን መኪና ውስጥ አስገብቶ ወሰን ይሻገራል፤ አዲስ ዳኛ ፊት ይቆምና የሚመቸውን ውሳኔ ይዞ ይወጣል። ሁለት ወላጆች ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ ፍርዶች ይዘው ልጅ ይጎትቱ ነበር። የስቴቶችን ሕግ ለማቀራረብ የሚሠራው ኮሚሽን በ1968 አንድ ወጥ ረቂቅ አወጣ፤ ሁሉም ስቴቶች ቀስ በቀስ ተቀበሉት፣ ግን እንደየፍላጎታቸው ተረጎሙት። በ1980 ኮንግረስ በወላጅ የሚፈጸም የልጅ ጠለፋን የሚከላከል ሕግ አውጥቶ ስቴቶች አንዱ የሌላውን ውሳኔ እንዲያከብሩ አስገደደ። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በቶምፕሰን ጉዳይ ላይ፣ ሁለት ስቴቶች ሲጋጩ ወላጁ በዚህ ሕግ ተመሥርቶ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ሊመሠርት አይችልም ብሎ ወሰነ። ግዴታው አለ፤ የሚያስገድደው የፌዴራል ዳኛ ግን የለም። ኮሚሽኑ በ1997 የመጀመሪያውን ረቂቅ ሽሮ፣ የዳኝነት ሥልጣንንና አፈጻጸምን አንድ ላይ የያዘ አዲስ ሕግ ያዘጋጀው ከዚህ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረስም የ1980ውን ሕግ አሻሽሎ የጉብኝት ውሳኔ ከአሳዳጊነት ውሳኔ እኩል እንዲከበር በግልጽ ጻፈ። የ1997ቱን ሕግ ከማሳቹሴትስ በስተቀር ስቴቶቹ ሁሉ በየተራ ተቀብለውታል፤ ማሳቹሴትስ ለረጅም ዓመታት በራሷ ሕግ ቆይታለች።

የዚህ ሕግ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ልጁ ለተከታታይ ስድስት ወራት የኖረው የት ነው? ያ ስቴት የመጀመሪያውን ውሳኔ የመስጠት ቀዳሚ ሥልጣን አለው። አንዴ ከወሰነ በኋላ፣ ከወላጆቹ አንዱ እዚያው እስከኖረና ልጁም ከዚያ ስቴት ጋር ያለው ትስስር ፈጽሞ እስካልተቋረጠ ድረስ፣ ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን ከእጁ አይወጣም። ስለዚህ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ስቴት የሄደ ወላጅ ዳኛ መርጦ ሊሄድ አይችልም። ትዕዛዙ የተጣሰበት ወላጅ ደግሞ የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭና የመሐላ ቃል ይዞ፣ ልጁ ባለበት ስቴት ፍርድ ቤት ውሳኔውን ማስመዝገብ ይችላል። ሌላኛው ወላጅ ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ ለመቃወም 20 ቀናት አለው፤ የሚቃወምባቸው ምክንያቶችም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም፣ ውሳኔው ተሽሯል ወይም ተሻሽሏል፣ አልያም መጥሪያ አልደረሰኝም። "ልጁ መሄድ አይፈልግም" ወይም "ቀለብ አይከፍልም" የሚል መቃወሚያ እዚህ ቦታ የለውም። አስፈጻሚው ፍርድ ቤት ትዕዛዙን ሊለውጥ ባይችልም፣ በውስጡ የተጻፈውን የጉብኝት መርሐ ግብር በሥራ ላይ ለማዋል ጊዜያዊ ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ያመለጡ ቀናት በሌላ ቀን እንዲተኩም ማዘዝ ይችላል። አስቸኳይ አቤቱታ ሲቀርብ ተጠሪው ትዕዛዙ በደረሰው በማግስቱ፣ ፍርድ ቤት በሚሠራበት ቀን ይሰማል። ልጁ ለከባድ አካላዊ ጉዳት ሊጋለጥ ወይም ከስቴቱ ሊወጣ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ካለ ልጁን የሚያስረክብ የመያዣ ትዕዛዝ ይወጣል። የረታው ወገን የጠበቃና የጉዞ ወጪውን እንዲያስመልስም ሕጉ ይፈቅዳል። በወረቀት ደረጃ ከዚህ የተሻለ ማሰብ ይከብዳል።

መሰናክሉ የሚጀምረው ወረቀቱ ከጊዜ ጋር ሲጋጠም ነው። አባትየው ሲያትል፣ ልጁ አትላንታ ነው እንበል። የፋሲካ ሳምንት ሳይሰጠው አለፈ። አትላንታ ጠበቃ መያዝ፣ ግልባጭ ማስመጣት፣ ማስመዝገብ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ከዚያም በአውሮፕላን መሄድ አለበት። ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ያመለጠው ሳምንት ካለፈ ቆይቷል፤ ወጪውም ከሳምንቱ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ሰው ክሱን ይተወዋል። ሌላኛው ወላጅ ይህን ስሌት ያውቃል። ፖሊስ ዘንድ የሄደ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነውና ፍርድ ቤት ሂድ ይባላል። አስቸኳዩ ሥርዓት የታሰበው በዋናነት ልጅን ወዲያው ለማስረከብ ነው፤ ልጁ የት እንዳለ እየታወቀ በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ለሚነፈግ ወላጅ ቢፈቀድለትም እንኳ፣ በየወሩ ሊጠቀምበት የማይችል ውድ መሣሪያ ነው። የ1997ቱ ሕግ ዐቃቤ ሕግ በአፈጻጸሙ እንዲረዳ በር ከፍቷል፣ ግን ግዴታ አላደረገበትም። ካሊፎርኒያ ከዚህ ተለይታ፣ የአሳዳጊነት ወይም የጉብኝት ትዕዛዝ ተጥሶ ልጅ ሲያዝ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ልጁን እንዲያፈላልግና ትዕዛዙን በማስፈጸም እንዲረዳ በሕግ አስገድዳለች። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ወላጁ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ወጪ ከፋይ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የትዕዛዙ አጻጻፍ ይጨመራል። "ተገቢ ጉብኝት ይፈቀድለታል" ብቻ የሚል ትዕዛዝ በሌላ ስቴት ለሚያስፈጽመው ዳኛ የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም፤ ዳኛው የሚችለው ወላጁ ወደ መጀመሪያው ፍርድ ቤት ሄዶ ቀኑን እስኪያስቆርጥ የሚያቆይ ጊዜያዊ መርሐ ግብር ማውጣት ብቻ ነው።

ይህ ደካማነት የተፈጥሮ ነገር እንዳልሆነ ለማየት ቀለብን ማነጻጸር ይበቃል። ኮንግረስ በ1975 የቀለብ ማስፈጸሚያ ፕሮግራም ካቋቋመ ወዲህ እያንዳንዱ ስቴት ይህን ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት አለው። የአንዱ ስቴት ቀለብ ትዕዛዝ በሌላ ስቴት ወዳለ አሠሪ በቀጥታ ተልኮ ከደሞዝ ይቆረጣል፤ የግብር ተመላሽ ይያዛል፤ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፤ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ ፓስፖርት ይከለከላል። ፕሮግራሙ በቅርብ ዓመታት በዓመት 30 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሰብስቧል። ለጉብኝት ደግሞ የ1996ቱ የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ለመላው አገሪቱ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ትንንሾቹ ስቴቶች የሚደርሳቸው 100,000 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ሽምግልና፣ የወላጅነት ትምህርት፣ በተቆጣጣሪ ፊት የሚደረግ ጉብኝትና ልጅ የሚቀባበሉበት ገለልተኛ ቦታ ይደገፋል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ለአንድ አገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕጉ ሁለቱን ግዴታዎች የተለያዩ አድርጎ ያያቸዋል፤ ቀለብ ያልከፈለ ልጁን የማየት መብቱን በዚህ ብቻ አያጣም፣ ልጁን የተነፈገም ቀለብ ማቆም አይችልም። መርሁ ትክክል ነው። ነገር ግን አንደኛውን ግዴታ ኮምፒዩተር እያስፈጸመ ሌላኛውን ለግለሰብ ሲተው፣ ወላጆች የሚረዱት መንግሥት ገንዘቡን ይፈልጋል፣ ግንኙነቱ ግን የግል ጉዳይህ ነው የሚል መልእክት ነው። ቀለብ ቢዘገይ ደግሞ ውዝፉ ይቆጠራል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ያለፈችው ሰመር ግን አራት ዓመት ሲሞላው አትከፈልም። በቶሎ የሚጠፋው መብት ከሁሉ የዘገየውን ማስፈጸሚያ ማግኘቱ የተገላቢጦሽ ነው።

ስቴቶች በየራሳቸው የሞከሩት ነገር ለመፍትሔው ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። አንዳንዶቹ ወደ ወንጀል ሕግ ዞረዋል። ኢሊኖይ ጉብኝትን ማሰናከል እንደ ቀላል ጥፋት ቆጥራ፣ ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት የደገመውን ወደ ከፍ ያለ የወንጀል ደረጃ ታሸጋግራለች። በቨርጂኒያ የጉብኝት ትዕዛዝን ሆን ብሎ በጉልህ መጣስ ቀላል ወንጀል ነው፤ ልጁ ከስቴቱ ውጭ ከተያዘ ግን ከባድ ወንጀል ይሆናል። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ ከተማ እስኪመስሉ በተጠጋጉበት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩበት አካባቢ፣ ከአሌክሳንድርያ ሲልቨር ስፕሪንግ መሻገር የጥፋቱን ደረጃ ይቀይረዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስፈራውን ያህል ሥራ ላይ አይውልም፤ የልጁን ዋና አሳዳጊ በከባድ ወንጀል መክሰስ ልጁን መልሶ የሚጎዳ በመሆኑ ዐቃቤ ሕግም ዳኛም፣ ብዙ ጊዜ ከሳሹ ወላጅም ያመነታል። ሌሎች ስቴቶች የመረጡት መንገድ ለዘብ ያለ ግን ለአፈጻጸም የቀረበ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ጉብኝት ሲከለከል ዳኛው ያመለጠውን ቀን እንዲተካ፣ ትዕዛዙን ወደፊት ለመፈጸም በሚያመች መንገድ እንዲያሻሽልና ወጪውን በከልካዩ ላይ እንዲጥል ይፈቅዳል። ሚኔሶታ የማካካሻ ቀንና እስከ 500 ዶላር የሚደርስ ቅጣት አላት፤ ቴክሳስም ማካካሻ ትፈቅዳለች።

ከሁሉ ትምህርት የሚሰጠው የሚሺጋን አሠራር ነው። እዚያ ከ1919 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሥር የሚሠራ፣ የፍርድ ቤት ወዳጅ የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ፤ ቀለብን ብቻ ሳይሆን የወላጅና የልጅ ጊዜንም የማስፈጸም ኃላፊነት አለበት። ወላጁ ጥሰቱ በተፈጸመ በ56 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካመለከተ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን ይይዘዋል። የሚሰጠው ማካካሻ ካመለጠው ጋር በዓይነትና በርዝመት የሚመሳሰል ነው፤ የበዓል ቀን በበዓል ቀን፣ የቅዳሜና እሑድ በቅዳሜና እሑድ ይተካል፤ ቀኑን የሚመርጠውም የተነፈገው ወላጅ ነው። የዚህ ዘዴ ብልሃት መከልከልን ትርፍ አልባ ማድረጉ ነው። ዛሬ የከለከልኩት ቀን በሚቀጥለው ወር ሌላው በመረጠው ቀን የሚመለስ ከሆነ፣ መከልከል ምንም አያተርፍልኝም፤ ማንም ሳይታሰር፣ ከልጁ ቤት ገንዘብ ሳይወጣ ልማዱ ይሰበራል። ድክመቱ ጽሕፈት ቤቱ የስቴቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ልጁ ኦሃዮ ከተሻገረ በኋላ የሚሺጋን እጅ ያጥራል። የቀለብ ተቋማት ከስቴት ስቴት እንደሚደዋወሉ ሁሉ የጉብኝት ጽሕፈት ቤቶችም የሚነጋገሩበት መረብ ቢኖር፣ የሲያትሉ አባት አትላንታ ድረስ ጠበቃ ፍለጋ ባልሄደ ነበር። መሠረቱ በከፊል ተጥሏል። የፌዴራሉ የወላጅ አፈላላጊ መረጃ ቋት በፍርድ ቤት በኩል ለጉብኝት ጉዳይም ሊያገለግል ይችላል፤ የሁለት ስቴት ዳኞች በስልክ ተነጋግረው እንዲወስኑም ሕጉ ይፈቅዳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የቤት ውስጥ ጥቃት ነው። ከልጇ ጋር ስቴት የቀየረች እናት ሁሉ አሰናካይ አይደለችም፤ ከዱላ የሸሸች አለች፤ ፈጣን አስፈጻሚ ደግሞ ለደብዳቢው የተሰጠ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱ ግን አፈጻጸምን ማዝገም አይደለም። ሕጉ ልጁ ወይም ወላጁ በጥቃት ሥር ካሉ ልጁ ያለበት ስቴት ጊዜያዊ የአስቸኳይ ሥልጣን እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ አድራሻ በምስጢር እንዲያዝ ያደርጋል፤ በተቆጣጣሪ ፊት የሚደረግ ጉብኝትም አለ። ለተጠቂዋ አደገኛ የሚሆነው ትዕዛዙን ወደ ጎን ትታ ዝም ብላ መቀመጧ ነው፤ ከዓመት በኋላ ዳኛ ፊት የምትቀርበው እንደ ጥፋተኛ ነውና። በቀናት ውስጥ የሚሰማ ችሎት ለከሳሹ ቀኑን ሲመልስ፣ ለተጠቂዋ ደግሞ ምክንያቷን በጊዜው አስመዝግባ ጥበቃ የምታገኝበት መድረክ ይሆናል። ሁለተኛው ተቃውሞ የልጁ ፈቃድ ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን አስገድዶ አውሮፕላን ማሳፈር ይቻላል ወይ? አይቻልም፣ አይገባምም። ሆኖም ልጁ ማደጉ የሚያሳየው የድሮው መርሐ ግብር መሻሻል እንዳለበት ነው፤ ማሻሻያው ሥልጣኑ ባለው ፍርድ ቤት፣ የልጁ ድምፅ ተሰምቶ መወሰን አለበት እንጂ ልጁን ይዞ በተቀመጠው ወላጅ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው፣ አሳዳጊዋ ብዙ ጊዜ ድሃ ናት፣ መቀጮው የልጁን ዳቦ ይነካል የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ማካካሻ ቀን ከመቀጮ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ግን ከጥሰት በኋላ ብቻ አይጀምርም። ሁለት ወላጆች በተለያዩ ስቴቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ታስቦ የተጻፈ ትዕዛዝ ግማሹን ጠብ አስቀድሞ ይዘጋዋል። የቴክሳስ መደበኛ መርሐ ግብር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ወላጆቹ ከ100 ማይል በላይ ሲራራቁ፣ የርቀቱ ወላጅ በወር አንድ የሳምንት መጨረሻ ሊመርጥ ይችላል፤ የጸደይ ዕረፍቱን በየዓመቱ ያገኛል፤ በሰመር ደግሞ 42 ቀናት ይሰጠዋል። በእንዲህ ያለ ትዕዛዝ ላይ ልጁን በየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚረከቡት፣ ትኬቱን ማን እንደሚገዛና በረራ ቢሰረዝ ቀኑ እንዴት እንደሚተካ ቢጨመርበት፣ የሌላ ስቴት ዳኛ ሳያመነታ ያስፈጽመዋል። በቪዲዮ የሚደረግ ግንኙነትም በትዕዛዝ ሊካተት ይችላል፤ ዩታ በ2004 ይህን በሕግ በማወቅ ቀዳሚ ሆናለች፤ ከአካል ጉብኝት ጋር የሚሄድ እንጂ የሚተካው እንዳልሆነ ግን በትዕዛዙ በግልጽ መጻፍ አለበት። በአሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ነጥብ የተለየ ክብደት አለው። ብዙ ባለትዳሮች የልጆችን ነገር በሽማግሌ ወይም በንስሐ አባት ፊት ይጨርሱታል፤ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤቱ የተሻለ አስተዋይነት ይኖረዋል። ነገር ግን ዳኛ ያላጸደቀው ስምምነት ሌላ ስቴት ላይ የሚመዘገብ ትዕዛዝ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁትን ቀን በቀን አስጽፈው ወደ ፍርድ ቤት ካልላኩት፣ አንደኛው ወላጅ ከሚኒያፖሊስ ዳላስ በተሻገረ ጊዜ በእጅ የሚቀረው ቃል ብቻ ነው።

ልጁ አገር ከተሻገረ ነገሩ ይከብዳል። ኢትዮጵያ የተጠለፉ ልጆችን ስለመመለስ የሚደነግገው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። ስምምነቱ ራሱ የአሳዳጊነት መብት የተጣሰበትን ልጅ ያስመልሳል እንጂ፣ የጉብኝት መብት ብቻ ላለው ወላጅ የመመለስ ትዕዛዝ አይሰጥም። በአንጻሩ የ1997ቱ የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ክብር ይሰጣል፤ የሌላ አገር ውሳኔ የአገሩ የልጅ አሳዳጊነት ሕግ መሠረታዊ ሰብአዊ መብትን እስካልጣሰና በተመሳሳይ የሥልጣን መስፈርት እስከተሰጠ ድረስ እንደ አሜሪካ ስቴት ውሳኔ ይታያል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 458፣ የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ይጠይቃል። እንግዲህ አዲስ አበባ የአሜሪካ የጉብኝት ትዕዛዝ ይዞ የቀረበ ጠበቃ ይህንኑ የአሜሪካ ሕግ ለቁጥር 458 ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992 ዓ.ም.) በፍቺ ጊዜ ፍርድ ቤት የልጆችን አስተዳደግና የመጠያየቅን ነገር አብሮ እንዲወስን ስለሚያዝ፣ ሐሳቡ ለዳኛው እንግዳ አይደለም። አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚሻ ወላጅ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሁለቱንም ወላጅ ፈቃድ በመርህ ደረጃ እንደሚጠይቅና ለልጁ ፓስፖርት ሲጠየቅ የሚያሳውቅ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም መኖሩን ይወቅ፤ ልጁ የሌላ አገር ፓስፖርት ካለው ግን ማስጠንቀቂያው እዚያ አይደርስም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ከሁለቱም ጋር በመደበኛነት የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች ቢኖሩም እንኳ። ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብላዋለች፤ አሜሪካ በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም። ልዩነቱ ከፊርማ በላይ ትርጉም አለው። ጉብኝት የወላጅ መብት ብቻ ተደርጎ ሲታይ፣ መብቱን ማስከበር ያቃተው ወላጅ በራሱ እንደተወው ይቆጠራል፤ የልጁ መብት ከሆነ ግን ልጅ ጠበቃ ስለማይቀጥር ማስፈጸሙ የመንግሥት ሥራ ይሆናል። በቀለብ ጉዳይ መንግሥት ይህን ሥራ አስቀድሞ በእጁ አስገብቷል። አሜሪካ አዲስ የሥልጣን ሕግ አያስፈልጋትም፤ ያላት በቂ ነው። የሚያስፈልጋት ትዕዛዙን በቀንና በሰዓት የሚጽፍ ዳኛ፣ ስልክ የሚያነሳ የስቴቶች ጽሕፈት ቤትና ከቅጣት በፊት የሚመጣ ማካካሻ ነው። ማንኛውም ማሻሻያ ሲቀርብም በአንድ ጥያቄ ቢመዘን በቂ ነው፤ ልጁ ካመለጠው ቀን እስከሚተካለት ቀን ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?